«ምን እንድመልስ ነው የምትፈልጊው?» ትምህርት ቤትና የልጆች ፈጠራ፣ ድሮና ዘንድሮ

ሰማያዊ እስክሪብቶ (ክሩን የጀመረችው)

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን አንድ ነገር ከውስጤ አልወጣ ብሎኛል። እዚህ ብዙ ወላጅና መምህር ስላለ ላማክራችሁ።

ልጄ 8 ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት የታረመ የፈተና ወረቀት ይዛ መጣች። አንዱ ጥያቄ «መስኮት ለምን ይጠቅማል?» ይላል። እሷ የጻፈችው «ማን እንደመጣ ሳይታዩ ለማየት» ነው። ኤክስ ተደርጎበታል። ከጎኑ በቀይ «ብርሃንና አየር ለማስገባት» የሚል ተጽፏል።

አስተማሪዋን ልወቅስ አይደለም። መጽሐፉ ላይ ያለው መልስ እሱ ነው። ስንት ወረቀት እንደምታርምም አውቃለሁ። እኔን ያስጨነቀኝ ከዚያ ወዲህ የመጣው ነው። አሁን አንድ ነገር ስጠይቃት ወዲያው አትመልስም። ቀና ብላ ፊቴን ታያለች። ከዚያ «ምን እንድመልስ ነው የምትፈልጊው?» ትለኛለች። የትምህርት ጥያቄ ብቻ እንዳይመስላችሁ። «ትናንት ማታ ምን አለምሽ?» ብላትም ያንኑ ነው ያለችኝ። ስለ ገዛ ሕልሟ!

ይህች ልጅ 5 ዓመቷ ላይ ጥያቄዋ አያልቅም ነበር። ጥላ ለምን ሰው ይከተላል፣ ሲመሽስ የት ሄዶ ያድራል ትለኝ ነበር። አሁን ጥያቄው ጠፍቷል። ማርኳ ግን ጥሩ ነው።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ትምህርት ቤት ድሮም እንዲህ ነበር ወይስ ዘንድሮ የባሰ ነገር አለ? ልጅን አለማስተማር አይቻልም። ታዲያ እያስተማሩ ይህን ነገር ማዳን ይቻላል?

የሦስት ልጆች አባት

እህቴ፣ ጭንቀትሽ ይገባኛል። እኔም በመጀመሪያ ልጄ ጊዜ እንዲሁ ሆኜ ነበር። ግን መሠረቱን መያዟ ቀላል ነገር አይደለም። ብርሃንና አየር የሚለውን ማወቅ አለባት። ነገ ትልቁ ፈተና ሲመጣ «ሳይታዩ ለማየት» ብትል ማን ያሳልፋታል? ፈተናውን ያወጣነው እኛ አይደለንም። ልጆቻችን ግን ያልፉበታል።

አንድ ያነበብኩት ነገር ግን እኔንም ያስፈራኛል። 5 ዓመት ከሆናቸው ልጆች 98 በመቶው በፈጠራ ሊቅ ናቸው፣ አዋቂ ሲሆኑ 2 በመቶ ብቻ ይቀራሉ ይላል። በየማኅበራዊ ሚዲያው ይዞራል። እውነት ነው?

ቋሚ አንባቢ

ይህ የ98 በመቶ ወሬ በየጊዜው ይመጣል። የተስፋፋው በመጽሐፍና በመድረክ ንግግር ነው። ሌሎች ባለሙያዎች ዘዴውን መርምረውት በሙያ መጽሔት የወጣ ጥናት አይደለም። ልጅ ስለማሳደግ ስንወስን እሱ ላይ ባንደገፍ ይሻላል።

ከእሱ የተሻለ መረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1950 ጊልፎርድ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ለሙያ ማኅበሩ ንግግር አደረገ። በሙያው መዝገብ ላይ ካሉት 121,000 ገደማ ጽሑፎች ስለ ፈጠራ የሚያወሩት 186 ብቻ እንደሆኑ ቆጥሮ ነገራቸው። ብዙ ሰው በዚያ ንግግር ነቃ። በ1966 ደግሞ ቶራንስ የተባለው ተመራማሪ የፈጠራ አስተሳሰብ መለኪያ አወጣ። ለልጁ ያላለቀ መስመር ይሰጠዋል፤ ልጁ ሥዕል አድርጎ ይጨርሰዋል። ወይም ተራ ዕቃ ይነገረውና ምን ምን ሊሠራበት እንደሚችል ይዘረዝራል። የሚታየው ስንት ሐሳብ አመጣ፣ ሐሳቡ ከሌላው ምን ያህል ይለያል፣ ምን ያህልስ አብራራው የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 ኪዩንግ ሂ ኪም የተባለች ተመራማሪ በዚህ መለኪያ የተሰበሰቡ 272,599 ውጤቶችን መረመረች። ከ1990 ወዲህ የአይኪው (የማሰብ ችሎታ መለኪያ) ውጤት ከፍ እያለ የፈጠራው ግን ወርዷል። ከሁሉ በላይ የወረደው ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 3ኛ ክፍል ባሉት ልጆች ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። መረጃው የአሜሪካ ነው። ጥፋተኛው ትምህርት ቤት ነው ብሎም አያረጋግጥም። ጨዋታ ማነሱ ሊሆን ይችላል፤ ስክሪን ሊሆን ይችላል። ግን የእህታችን ልጅ 8 ዓመቷ ነው። ቁጥሩ የሚያመለክተው በዚሁ ዕድሜ አካባቢ ነውና ጭንቀቷን ቀለል አድርጌ ማለፍ አልቻልኩም።

የድሮ ተማሪ

«ድሮም እንዲህ ነበር ወይ?» ለሚለው፣ ግማሹ አዎ ነው፣ ግማሹ አይደለም።

ከ4,000 ዓመት ገደማ በፊት ዛሬ ኢራቅ በምንላት ሀገር ይኖሩ የነበሩት ሱመሮች «ኤዱባ» የሚሉት ትምህርት ቤት ነበራቸው። የጽላት ቤት ማለት ነው። የተማሪዎቹ ክብ የሸክላ ጽላቶች ዛሬም ሙዚየም ውስጥ አሉ። በአንዱ ገጽ መምህሩ ጽፏል። በሌላው ገጽ ተማሪው ገልብጧል። የመምህሩ ቀጥ ያለ ነው፤ የተማሪው ይንጋደዳል። ተማሪ ሳይፈቀድለት ተናግሮ ሲገረፍ የሚተርክ ጽሑፍም ከዚያው ዘመን ተገኝቷል። ቻይና ውስጥ የመንግሥት ሹመት ፈተና ወደ 1,300 ዓመት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1905 ነው የቀረው። በመጨረሻዎቹ ክፍለ ዘመናት ተፈታኙ ድርሰቱን በስምንት ክፍል ከፍሎ መጻፍ ነበረበት። ሐሳቡ ቢያምርም ቅርጹን ከሳተ ይወድቃል። እንግዲህ ግልበጣውም ሽምደዳውም ዛሬ አልተፈጠረም።

ሌላውን ግማሽ ደግሞ ስሙኝ። የግእዝ ቅኔ ቤትን ውሰዱ። ተማሪው በቃሉ የሚይዘው የትየለሌ ነው። ግሱን ያወርዳል፣ አገባቡን ይማራል፣ ታሪኩንና ምሥጢሩን ያጠናል። ተግሣጹም ቀላል አይደለም። ግን ገና ጀማሪ ሳለ ቅኔ ይቆጥራል። ሁለት ቤት ባለው ጉባኤ ቃና ጀምሮ እያደገ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። የቆጠረውን መምህሩ ዘንድ ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ ያርማል፣ ያቃናል። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም። የሌላውን ይዞ መቅረብ ነውር ነው። ሰሙም ወርቁም የራሱ መሆን አለበት።

ሕጉ ጥብቅ ነው፣ ሽምደዳውም ከባድ ነው። ሆኖም ተማሪው ማንም ያላለውን ነገር ይዞ እንዲመጣ ይጠበቃል። ዛሬ ስንቱ ተማሪ ነው በሳምንት አንዴ እንኳ እንዲህ የሚጠየቀው? እኔ በቃል መያዝን የፈጠራ ጠላት አድርጎ መክሰስ አልወድም። ቋንቋው በቃሉ የሌለ ሰው በምኑ ይቀኛል?

ንድፍ

የድሮ ተማሪ፣ ቅኔ ቤት ያልከው አሳምኖኛል። ግን የምታወራው ለዓመታት ችሎ፣ ታግሦ ስለ ቆየ ተማሪ ነው። በመንገድ የቀሩትን ማን ቆጠራቸው? 8 ዓመት የሆናት ልጅ ሌላ ናት።

ለትንንሾቹ የታሰበ ሌላ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1837 ፍሪድሪክ ፍሮቤል የተባለ ጀርመናዊ ለሕፃናት የጨዋታ ቤት ከፈተ። በ1840 «የልጆች የአትክልት ቦታ» ብሎ ሰየመው። ዛሬ ኪንደርጋርተን የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። ልጆቹ በእጃቸው የሚይዙት የክር ኳስ፣ የእንጨት ድብልብልና ኩብ፣ ኩቡ ደግሞ ወደ ትንንሽ ኩብ የሚፈታ ነበር። ይገነባሉ፣ ያፈርሳሉ፣ መልሰው በሌላ መልክ ይገነባሉ።

በ1851 የፕሩሲያ (የያኔዋ ትልቅ የጀርመን ግዛት) መንግሥት ከለከለው። ዘጠኝ ዓመት ተዘግቶ ቆየ። ልጆች በእንጨት ኩብ እየተጫወቱ የሚማሩበት ቤት በመንግሥት ትእዛዝ ሲዘጋ! ይህን ባነበብኩ ቁጥር ይቆጨኛል።

እኔ ሕንጻ ነዳፊ ነኝና ስለዚህ ነገር ስሜት አለኝ። ፍራንክ ሎይድ ራይት የተባለው ታላቅ አርክቴክት እናቱ የፍሮቤልን እንጨቶች እ.ኤ.አ. በ1876 ፊላደልፊያ ላይ በተደረገው ኤግዚቢሽን አይታ ገዛችለት። ያኔ 9 ዓመቱ ነበር። እስከ ሽምግልናው ድረስ ስለ እነዚያ እንጨቶች ይናገር ነበር።

ጠመኔ

26 ዓመት ሂሳብ አስተምሬያለሁ። አሁንም እያስተማርኩ ነው። ሁለታችሁም ያላነሣችሁት ነገር ስላለ ልጨምር።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲጀመር ዓላማው ፈጠራ አልነበረም። ንጉሥ ፍሪድሪክ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1763 ፕሩሲያ ውስጥ ልጆች ከ5 ዓመታቸው ጀምሮ እስከ 13 ወይም 14 ዓመታቸው እንዲማሩ አዋጅ ሲያወጣ የፈለገው ማንበብ የሚችል፣ ሃይማኖቱን የሚያውቅ፣ የሚታዘዝ ሕዝብ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ለንደን ውስጥ ጆሴፍ ላንካስተር በአንድ አዳራሽ በመቶ የሚቆጠሩ ልጆችን በአንድ መምህር ያስተምር ጀመር። ጎበዞቹ ልጆች ሌሎቹን ያስጠናሉ። ድሃ ልጅ ፊደል የቆጠረው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ አልንቀውም። እኔንም ያስተማረኝ ያው ሥርዓት ነው።

ግን ልጅ ሲበዛና መምህር ሲያንስ ምን እንደሚሆን ከውስጥ ሆኜ ላስረዳችሁ። አምስት ክፍል አስተምራለሁ እንበል። በያንዳንዱ 60 ተማሪ ካለ 300 ወረቀት ነው። እያንዳንዱን ወረቀት 5 ደቂቃ ሰጥቼ ባነብ 1,500 ደቂቃ ይፈጃል። 25 ሰዓት ማለት ነው፤ ለአንድ ፈተና። ምርጫ ጥያቄ ካደረግኩት በአንድ ምሽት እጨርሳለሁ። የልጅቷን «ሳይታዩ ለማየት» ያነበበችው መምህርት መጥፎ ሰው አይደለችም። የመልስ ወረቀቱን ከጎኗ አድርጋ 200ኛውን ወረቀት እያረመች ሊሆን ይችላል። ልዩ መልስ ቆም ብሎ ማሰብን ይጠይቃል። ቆም የሚባልበት ጊዜ ደግሞ የለም።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። በ3ኛ ዓመቴ ይመስለኛል፣ አንድ ልጅ የእኩልታ ጥያቄ በራሱ መንገድ ሠራ። ፊደል ሳይጠቀም፣ በሥዕል። መልሱ ልክ ነበር። እኔ «ባስተማርኩህ መንገድ ሥራው» ብዬ ግማሽ ማርክ ሰጠሁት። ልጁ አልተከራከረም። ዓመቱን ሙሉ እጁን አላወጣም። ያን ጊዜ ሥነ ሥርዓት ያስተማርኩት መስሎኝ ነበር። ያ ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው። ባገኘው ይቅርታ እጠይቀው ነበር።

ሰማያዊ እስክሪብቶ

መምህር፣ ይህን ስለጻፉ ከልብ አመሰግናለሁ። ሳነበው አለቀስኩ። የልጄን መምህርትም በሌላ ዓይን እንዳያት አደረገኝ።

ተማሪ ነኝ

እኔ 12ኛ ክፍል ነኝ። ስለ እኛ ነው የምታወሩት፣ እኔም ልናገር።

ድርሰት የምንማረው እንዲህ ነው። ሦስት የተዘጋጀ መግቢያ በቃል እንይዛለን። ርእሱ ምንም ይሁን አንዱ ይሆናል። መደምደሚያም እንዲሁ አለ። መሐሉን ብቻ መሙላት ነው። ጥሩ ማርክ ያመጣል፤ እኔም ጥሩ ማርክ አለኝ። ግን ስለ አንድ ነገር የራስህን ሐሳብ ጻፍ ብትሉኝ ብዙ ጊዜ ምንም አይመጣልኝም። ይህን ስጽፍ አፍሬ ነው።

የቤት ሥራማ አሁን ሁሉም ቻትጂፒቲን ነው የሚያሠራው። መምህራኑም ያውቃሉ። አዋቂዎች በኛ ትናደዳላችሁ። ግን እስቲ አስቡት፤ እኛን ለዓመታት የጠየቃችሁን አንድ መልስ ያለውን ጥያቄ ነው። ማሽኑ እሱን ከኛ በተሻለ ይመልሳል። ታዲያ ለምን እኛ እንልፋ?

አንድ ጊዜ ብቻ የተለየ ነገር ነበር። 10ኛ ክፍል የፊዚክስ መምህራችን «የትምህርት ቤቱን ሕንጻ ቁመት ጣሪያው ላይ ሳትወጡ ለኩልኝ፤ ስንት እንደሆነ እኔም አላውቅም» አለን። አንዱ ቡድን በጥላ ለካ። ሌላው የአንዱን ደረጃ ቁመት ለክቶ ደረጃዎቹን ቆጠረ። እኛ አንድ ልጅ ግድግዳው ሥር አቁመን ፎቶ አነሣንና ሕንጻው ስንት እጥፉ እንደሆነ በማስመሪያ ለካን። ሦስቱም መልስ አልተገናኘም። ሦስት ቀን ሙሉ ተጨቃጨቅን። የማነው ስህተት? ስህተቱስ ከየት መጣ? እኔ ከ10ኛ ክፍል ፊዚክስ ዛሬ ድረስ በደንብ የማስታውሰው እሱን ነው።

የድሮ ተማሪ

ልጄ፣ «እኔም አላውቅም» ያለው መምህርህ ትልቅ ሰው ነው። ቅኔ ቤት ያልኩትም እኮ ይኸው ነው። ተማሪው ነገ ምን ይዞ እንደሚመጣ መምህሩ አያውቅም። ለዚያ ነው ጆሮውን አቁሞ የሚሰማው።

የሦስት ልጆች አባት

ጥሩ ነው፣ ግን ወደ መሬት እንውረድ። ብዙ የማውቃቸው ሰዎች «ትምህርት ቤት ፈጠራ ይገድላል» እያሉ ጥናትን ያቃልላሉ። አይንስታይን ሂሳብ ወድቆ ነበር ይላሉ። ልጆቹም ይህን ሰምተው ደብተር መግለጥ ይጠላሉ። እኔ የምፈራው እሱን ነው። ዕውቀት ሳይኖር ፈጠራ ከየት ይመጣል?

ቋሚ አንባቢ

አይንስታይን ሂሳብ አልወደቀም፤ ከልጅነቱ ጎበዝ ነበር። የሆነው ሌላ ነው። ሙኒክ ያለው ትምህርት ቤት ወታደራዊ መንፈሱ አልተስማማውም። እ.ኤ.አ. በ1894 መጨረሻ ላይ ጥሎ ወጣ። በ1895 ስዊዘርላንድ አራው ከተማ ወደሚገኝ ትምህርት ቤት ገባ። እዚያ ፔስታሎዚ የተባለው የስዊዘርላንድ የትምህርት ሊቅ አስተሳሰብ ነበር የሚሠራበት። ልጁ በዓይኑ ያይና በራሱ ያስባል እንጂ ቃል ብቻ አይሰለቅም። «ብርሃንን በብርሃን ፍጥነት ብከተለው ምን አያለሁ?» የሚለው ጥያቄ የመጣበት በዚያ ዕድሜ፣ 16 ዓመቱ ላይ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ወደ ትልቁ ሥራው የመራው እሱ ነው።

የራማኑጃን ታሪክ ደግሞ ለሁለታችሁም ይሆናል። ይህ ሕንዳዊ የሂሳብ ሊቅ ወጣት ሳለ በሺህ የሚቆጠሩ የሂሳብ እውነታዎች ያለ ማብራሪያ የተዘረዘሩበት መጽሐፍ አገኘ። አንድ በአንድ ራሱ እያረጋገጠ ወረደ። ዕውቀት ያለ ፈጠራ አይደለም፣ ፈጠራም ያለ ዕውቀት አይደለም። ኮሌጅ ሲገባ ግን ሂሳብ ብቻ እያጠና ሌላውን ትምህርት ወደቀ። የነጻ ትምህርት ዕድሉን ተነጠቀ። ሥርዓቱ ለእሱ የሚሆን ቦታ አልነበረውም።

አሁን ደግሞ የዛሬው። እ.ኤ.አ. በ2022፣ 15 ዓመት የሆናቸው ተማሪዎች ፒሳ በተባለው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ምዘና ለመጀመሪያ ጊዜ በፈጠራ አስተሳሰብ ተመዘኑ። ውጤቱ በ2024 ወጣ። ከ64 ሀገራትና ግዛቶች አንደኛ የወጣችው ሲንጋፖር ናት፤ ከ60 ነጥብ 41። ምዘናውን የሚያዘጋጀው ኦኢሲዲ የተባለው ድርጅት አባል የሆኑት፣ አብዛኞቹ የበለጸጉ ሀገራት አማካይ 33 ነው። ሲንጋፖር በዚያው ምዘና በሂሳብም አንደኛ ነበረች። ስለዚህ አባታችን እንዳሉት ዕውቀትና ፈጠራ አብረው ይሄዳሉ። ግን ሆንግ ኮንግና ማካው በሂሳብ ከላይ ሆነው በፈጠራ ከአማካዩ አልዘለሉም። ሂሳብ ስለቻሉ ብቻ ፈጠራው በራሱ አይመጣም ማለት ነው። አንድ የተጨመረበት ወይም የቀረበት ነገር አለ።

የሦስት ልጆች አባት

ስለ ሆንግ ኮንግ አላውቅም ነበር። ደግሜ አስብበታለሁ።

ቤት ውስጥ ስላለው ነገር ልጠይቅ። እኔ ልጆቼ ሲስሉ፣ ሲጽፉ ሽልማት እሰጣለሁ። ኮከብ እለጥፋለሁ። ይህስ ጥሩ ነው?

ቋሚ አንባቢ

እ.ኤ.አ. በ1973 ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ አይተዋል። መሳል የሚወዱ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆችን ሦስት ቦታ ከፈሏቸው። ለመጀመሪያዎቹ «ከሳላችሁ ሪባን ያለው የምስክር ወረቀት ታገኛላችሁ» ተባለ። ሁለተኛዎቹ ሳይነገራቸው ስለው ሲጨርሱ ተሰጣቸው። ሦስተኛዎቹ ምንም አላገኙም። ከቀናት በኋላ ነጻ ጨዋታ ላይ ማርከር ሲቀርብ፣ ሽልማት አስቀድሞ የተነገራቸው ልጆች ከሌሎቹ በግማሽ ገደማ ያነሰ ጊዜ ነው የሳሉት። ድንገት የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም።

ስለዚህ ሽልማት ሁሉ መርዝ ነው አይባልም። አስቀድሞ «ይህን ካደረግክ ይህን እሰጥሃለሁ» ብሎ መዋዋሉ ነው። ልጁ ሥዕሉን ትቶ ሽልማቱን ያያል። የእህታችን ልጅም ጥያቄውን ትታ የእናቷን ፊት ነው የምታየው። እኔ አንድ ነገር ይመስሉኛል።

ንድፍ

እኔ ኮከቡን ትቼ ጥያቄ ነው የምጠይቀው። «እዚህ ጋ ለምን እንዲህ አደረግከው?» ብዬ። ልጆች ይህን ሲጠየቁ ያወራሉ፣ አያቆሙም። ማንም ጠይቋቸው አያውቅማ።

ጠመኔ

እ.ኤ.አ. በ1988 ሩት በትለር የተባለች ተመራማሪ የሠራችውን ልጨምር፤ በክፍሌ የሞከርኩት ስለሆነ። ለአንዳንድ ተማሪዎች ማርክ ብቻ ሰጠች። ለአንዳንዱ የጽሑፍ አስተያየት ብቻ። ለሌሎቹ ሁለቱንም። ከፍ ያሉት አስተያየት ብቻ ያገኙት ናቸው። ሁለቱንም ያገኙት ማርክ ብቻ ካገኙት እምብዛም አልተሻሉም። ማርኩ ካለ አስተያየቱን የሚያነብ የለም። ይህን እኔም አይቻለሁ። ወረቀት ስመልስ ሁሉም የሚያየው ቁጥሯን ነው። ከዚያ የጎረቤቱን ቁጥር።

300 ወረቀት ላይ አስተያየት መጻፍ አልችልም። ስለዚህ በሳምንት አንድ ክፍል ብቻ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ማርክ የሌለው ማድረግ ጀመርኩ። በአምስት ሳምንት ሁሉም ክፍል ይደርሰዋል። ቀላል ነገር ነው፤ ዳይሬክተርም አያስፈቅድም።

ተማሪ ነኝ የጻፈውን ሳነብ ደግሞ አንድ ጥያቄ ትዝ አለኝ። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሂሳብ መምህራን መልሳቸው አንድ ያልሆነ ጥያቄዎች ያዘጋጁ ነበር። ታዋቂው የብይ ጥያቄ ነው። ሦስት ልጆች አምስት አምስት ብይ ይጥላሉ። ብዩ ያልተበተነበት ያሸንፋል። መበተኑን በምን ትለካዋለህ? እንደዚህ ነው ጥያቄው። ሰኞ ክፍል ውስጥ እሞክረውና እነግራችኋለሁ።

ጠመኔ (ከ6 ቀን በኋላ)

ሞከርኩት። ሰሌዳ ላይ ሦስት ሥዕል ሳልኩ፤ በያንዳንዱ አምስት ነጥብ። «መልሱ በመጽሐፍ የለም። አሳምኑኝ» አልኳቸው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ማንም አልተናገረም። ሁሉም ዓይኔን ያያል። እህታችን ያለችውን ያን ጊዜ በደንብ ገባኝ። ልናገር ብዬ ነበር፤ ጠመኔውን አስቀምጬ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ አንዷ «ነጥቦቹን በመስመር ላገናኛቸውና ውስጡ ስፋቱ ስንት እንደሆነ ላስላ» አለች። ሌላው «በጣም የተራራቁትን ሁለቱን ብቻ ለካ» አለ። ሌላ ልጅ «አምስቱንም የሚሸፍን ትንሹን ክብ ስሩ» አለ። እኔ እነዚህን እጠብቅ ነበር። ያልጠበቅኩት ከኋላ የተቀመጠ ዝምተኛ ልጅ ተነሥቶ ያደረገውን ነው። ሰሌዳው ላይ መጣና አምስት ነጥብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ባለ መስመር አስቀመጠ። ወደ መጀመሪያዋ ልጅ ዞሮ «ባንቺ አቆጣጠር ይህ ስፋቱ ዜሮ ነው። ስለዚህ ምንም አልተበተነም ማለት ነው?» አላት።

ክፍሉ ተናወጠ። ልጅቷ ሰሌዳውን ለረጅም ጊዜ አየች። «ልክ ነህ፤ ስፋቱን ልተው። ዙሪያውን ልለካ» አለች። ደወል ተደውሎ ማንም አልወጣም። በ26 ዓመት ይህን ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

በሚቀጥለው ቀን ወደ ተለመደው ትምህርት ተመለስን፤ ምዕራፉ ማለቅ አለበት። ያ ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ ግን ሁለት ጊዜ እጁን አወጣ።

የሦስት ልጆች አባት

መምህር፣ የልጆቼ ሂሳብ መምህር ቢሆኑልኝ ብዬ ተመኘሁ። እኔስ ቤት ልሞክረው እችላለሁ? ሂሳብ ብዙም አላውቅም።

ጠመኔ

አለማወቅዎ ጥሩ ነው። ካላወቁ መልሱን አይነግሯቸውም።

ሰማያዊ እስክሪብቶ

እኔ ትናንት ማታ ሞከርኩት። ብይ ስላልነበረ አሮጌ ቁልፎች ከመስፊያ ሣጥን አወጣሁ። አምስት እሷ በተነች፣ አምስት እኔ። «የማንኛችን ነው ያልተበተነው? በምን እናውቃለን?» አልኳት።

ፊቴን አየች። «ምን እንድመልስ ነው የምትፈልጊው?» አለችኝ።

«እኔም አላውቅም» አልኳት። እውነቴን ነበር።

ትንሽ አላመነችኝም። ቁልፎቹን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ዝም ብላ ብዙ ቆየች። ልናገር ልናገር ይለኝ ነበር፤ መምህርን አስታውሼ አፌን ያዝኩ። በኋላ ተነሥታ ከሣጥኑ ቀይ ክር አመጣች። ክሩን በእኔ ቁልፎች ዙሪያ አዞረችና ቆረጠችው። በራሷ ቁልፎች ዙሪያም እንዲሁ። ሁለቱን ክሮች ጎን ለጎን ዘርግታ የእሷ እንደሚያጥር አሳየችኝ።

ከዚያ የእኔን ክር እንደገና አነሣችና ወደ ቁልፎቹ ተመለሰች። «እማዬ፣ ላልቶ ነበር መሰለኝ። ሁለቱንም እኩል ማጥበቅ አለብን አይደል? እኩል መጥበቁንስ በምን እናውቃለን?»